ስብ የለበሰው ቫይረስና ቅቤ የተከለከልኩት እኔ

መጀመሪያ ድካም ነበር። ሊሙ ገነት ገበያ ውስጥ የልብስ መደብ አለኝ። ለእኛ ሥራ የሚደምቀው ቡና ሲለቀም፣ ገበሬው እጅ ገንዘብ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ግን ደንበኛ መጥቶ «አካም ጅርታ?» ሲለኝ ሰላምታውን ለመመለስ እንኳ አቅም አጣሁ። ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይከብደኛል። ምግብ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። የባሌ የጀማል ታላቅ እህት እትዬ ኑሪያ ግን፣ «ስንፍና ነው። ያሞላቀቃት ወንድሜ ነው» ይሉ ነበር።

ጀማል ጂማ ወስዶ አስመረመረኝ። እትዬ ኑሪያም አብረውን ሄዱ። ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይተው ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ እንዳለብኝ፣ ምናልባትም ዓመታት እንደቆየብኝ ነገሩኝ።

«ታዲያ ሰውነቴ እስከዛሬ እንዴት ዝም አለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቫይረሱ ራቁቱን አይዞርም» አሉኝ። «ጉበትሽ ስብን ከፕሮቲን ጋር ጠቅልሎ ወደ ደም ይልካል። ቫይረሱም ከዚያ ጥቅል ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ያንን ስለለበሰ የሰውነትሽ መከላከያ በቀላሉ አያገኘውም። የጉበት ሴሎች ደግሞ ስቡን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ እሱም በዚያው በር ይገባል። ግን አትፍሪ፣ የሚያድን መድኃኒት አለው።»

የሚተላለፈው በደም እንጂ አብሮ በመብላት እንዳልሆነም ነገሩን። መድኃኒቱ እስኪመጣ እንድንጠብቅ ቀጠሮ ሰጡን።

እትዬ ኑሪያ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዘው የወጡት አንድ ቃል ነው። ስብ።

ቤት እንደገባን ቅቤ ተከለከልኩ። ወተት ተከለከልኩ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ ሁሉም ቀረ። «ስብ ነው የሚለብሰው ተብሏል! እየቀለብሽ ልታሳድጊው ነው?» አሉኝ። በጨው የተቀቀለ ጎመን ቀረበልኝ። ቀጥሎ የወፍ በሽታ መድኃኒት ነው የተባለ የቅጠል ጭማቂ አጠጡኝ። አስመለሰኝ። እንደገና አጠጡኝ። ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሽንቴ ጠቆረ። «መርዙ እየወጣላት ነው» አሉ።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የልጄን ነው። ትንሿን ሃያትን ላጎርሳት እጄን ስዘረጋ አፏን ገጥማ ፊቷን አዞረች።

«አክስቴ ከእጅሽ እንዳልበላ ብላኛለች» አለችኝ።

ጀማልን አየሁት። አቀርቅሮ ዝም አለ። ወላሂ፣ ከበሽታው ይልቅ ያ ዝምታ አመመኝ።

ገበያ መሃል ወደቅኩ። አንስታ ጂማ ያደረሰችኝ ከወላይታ መጥታ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው አልማዝ ናት። ጀማል ተጠርቶ ሲመጣ ሐኪሙ የበላሁትንና የጠጣሁትን ከእኔ ሰምተው በቁጣ ጠበቁት።

«እኔ የነገርኳችሁ ቫይረሱ እንዴት እንደሚደበቅ ነው። ቅቤ ከልክሏት ያልኩት የት ላይ ነው? ያንን ስብ የሚሠራው የራሷ ጉበት ነው፤ ብታስርቧትም መሥራቱን አያቆምም! ቅጠሉን ደግሞ ከደገማችሁት ከቫይረሱ ቀድማችሁ የምትገድሏት እናንተ ናችሁ።»

ጀማል ያኔ አለቀሰ። እኔ ግን አላዘንኩለትም።

ቅጠሉ ቀርቶ ምግብ ሲመለስልኝ የዓይኔ ቢጫነት ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ መድኃኒቱም መጣ፤ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የተባሉትን ኪኒኖች አልማዝ «እህቴ፣ ዋጥሽ?» እያለች በየቀኑ ስታስታውሰኝ፣ ጀማልም በራሱ እጅ ገንፎ በቅቤ ሠርቶ ሲያቀርብልኝ፣ የመድኃኒቱ ሦስት ወር አለፈና መደቤን ከፍቼ ከደንበኛ ጋር መከራከር ጀመርኩ። መድኃኒቱን ከጨረስኩ ከወራት በኋላ ደሜ እንደገና ሲመረመር ቫይረሱ አልተገኘም። አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙንም አልማዝንም አላህ ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

እትዬ ኑሪያ ግን ለጎረቤት «ያዳናት የእኔ ጎመን ነው» ብለው አወሩ።

በዚህ በሽታ የተያዛችሁ ሁሉ፣ ሐኪም ስለ ቫይረሱ ሲያስረዳችሁ «ታዲያ ምን ልብላ? ምን ልተው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ። የምታስታምሙም፣ በግማሽ የሰማችሁትን በሰው ጉበት ላይ አትሞክሩ። ልጅንም ከእናቷ እጅ አትለዩ።

ባለፈው ከእትዬ ኑሪያ ጋር እንድታረቅ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። «እኔን ይቅርታ መጠየቅ የለባቸውም» አልኳቸው። «ሃያትን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ‹ተሳስቼ ነው፣ ከእናትሽ እጅ ብዪ› ይበሏት። ያን ቀን እኔ ራሴ ተነስቼ እስማቸዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መልእክቴን አድርሰዋል። እትዬ ኑሪያ እስካሁን አልመጡም።