ቀድመው የሞሉት ሰውዬ

አቶ ልሳነወርቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ፣ መውጫው ላይ ባለችው ጠባብ የካሸር ቤት፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ክራባት አድርገው። ሥራው ክራባት አይጠይቅም፤ እንዲያውም አንድ ሱፐርቫይዘር ኩባንያው የሰጠውን ሹራብ ብቻ እንዲለብሱ ለምኗቸው ነበር። ሹራቡን ከላይ ደረቡበት እንጂ ክራባቱን አልፈቱም። ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበሩ። በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እዚህም እዚያም ብለው፣ በመጨረሻ ያረፉት ጋራዡ ላይ ነው። በዚህ ሲያማርሩ የሰማቸው የለም፤ በድሮ ሥራቸውም ሲመኩ አልተሰሙም።

የጋራዥ ሠራተኞቹ በዩኒየን የታቀፉ ሲሆኑ፣ አሠሪዎቹ በየወሩ የሚያዋጡበት ጡረታም ነበራቸው። ጡረታውን የሚመራው ቦርድ ግማሹ ከአሠሪ፣ ግማሹ ከሠራተኛ ሆኖ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ይሰበሰባል። ከሠራተኛ ወገን አንድ ወንበር ሲለቀቅ ሐበሾቹ በሙሉ አቶ ልሳነወርቅን መረጡ። ምክንያታቸው ሌላ ሳይሆን ክራባቱ ነው።

«እኛን ወክሎ ስብሰባ የሚገባ ሰው ቢያንስ አለባበሱ ይመር እንጂ!» ብሎ የቀሰቀሰላቸው በድረዲን ነበር።

በድረዲን የኮምቦልቻ ሰው ነው። እዚያው ጋራዥ ከአቶ ልሳነወርቅ ተረክቦ የከሰዓቱን ፈረቃ ይሠራል። ርክክቡ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ እነሱ ግን ግማሽ ሰዓት ያደርጉታል። ሚስቱ ሙፈሪሓት ሳምቡሳ ጠቅልላ ትልካለች፤ እነሱ እሱን እየበሉ ስለ ልጆች፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ አለቆቻቸው ያወራሉ። ሁለቱም ቤታቸው ከሚያወሩት ይልቅ እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የሚያወሩት ይበልጥ ነበር።

በዚያ ሰሞን ስለ ጡረታ የወጣ አዲስ ሕግ ነበር። ገንዘቡ የሳሳበት ጡረታ መሳሳቱን መደበቅ አይችልም ይላል። በየዓመቱ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ይመረምረዋል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ የሚያሰጋ ከሆነ ቢጫ፣ ከባሰበት ቀይ ይባላል። ቀይ ከሆነ ለመንግሥት ሪፖርት ይደረጋል፤ ለአባላቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ በየቤታቸው ይጻፍላቸዋል። አቶ ልሳነወርቅ ይህን መጀመሪያ ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ። እሳቸው ባደጉበት ቤት ሰው አልጋ ይዞ እንኳ «ትንሽ ብርድ መትቶት ነው» ነው የሚባለው። እዚህ አገር ግን የታመመ ገንዘብ ሳይቀር ሕመሙን በፖስታ እያዞረ እንዲናገር ይገደዳል።

በ2010 ማርች ላይ ተራው የእነሱ ጡረታ ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ከገንዘቡ ብዙውን ይዞት ሄዷል፤ የሚያዋጡት ጋራዦችም እየቀነሱ ነበር። የሒሳብ ባለሙያው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ቀይ» አለ። ከዚያ ጠበቃው የሚከተለውን አስረዳ። እስካሁን ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ሳይቀነስበት ጡረታ ይወጣ ነበር። ይህ ይቀራል። ማስታወቂያው ከመላኩ በፊት ጡረታው የጀመረለት ሰው አይነካም፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ግን ወይ እስከ ስልሳ አምስት መሥራት አለበት፣ ወይ ከጡረታው ሲሶው ይቀነስበታል።

ከአሠሪ ወገን አንዱ ሰው፣ የቦርድ አባል ራሱ ጡረታ ለመውጣት ማመልከት ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

«ማመልከት የማንም መብት ነው» አለ ጠበቃው። «እዚህ የተሰማው ነገር ግን ደብዳቤው እስኪወጣ ድረስ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

እንግዲህ ማስታወቂያው ለሰው የሚደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ማለት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ወሬው ቀድሞ ቢሰማ ሁሉም ይሮጥና ጡረታው ባንድ ጊዜ ይራቆታል። ይህን አቶ ልሳነወርቅም አይክዱም። ችግሩ እሳቸው ስልሳ ሦስት ዓመታቸው መሆኑ ነው። ቀኝ ጉልበታቸው አልቋል፤ ሐኪሙ ለሜይ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። ከሚስታቸው ከወይዘሮ ባዩሽ ጋር ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወደ ሥራ ላለመመለስ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ማመልከቻውን ሞልተው ያንኑ ወር ቢያስገቡ ኤፕሪል አንድ ላይ ጡረታቸው ይጀምራል፤ ማንም አይነካባቸውም።

ሞሉት። ሊልኩት ባሰቡበት ሳምንት በድረዲን ሊረከባቸው መጣና ሳምቡሳውን እየፈታ እንዲህ አላቸው።

«ጋሼ፣ ስልሳ ሞላኝ እኮ። ሙፈሪሓት ሪታየር አድርግ እያለች ጨቅጭቃ ልትገድለኝ ነው። አሁን አፕላይ ላድርግ ወይስ አንድ ዓመት ልጨምር? እርስዎ ቦርድ ላይ ነዎት፤ እስቲ ይንገሩኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ የያዙትን ሳምቡሳ መልሰው አስቀመጡት።

«ይህን እኔን አትጠይቀኝ። ኦፊስ ኮል አድርግ።»

«ኦፊስማ ፎርም ይልክልኛል እንጂ ምክር አይሰጠኝም።»

«እኔም ምክር የለኝም።»

በድረዲን ይህንን መልካም ወሬ አድርጎ ወሰደው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ችግር ቢኖር ጋሼ ዝም አይሉኝም፤ አንድ ዓመት እጨምራለሁ» እንዳላት አቶ ልሳነወርቅ በማግስቱ ከራሱ አፍ ሰሙ። መናገር አይችሉም፤ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ፎርሙን ደግሞ ወሰዱና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ታላቅነት ነው ብለው አይደለም፤ በኋላም እንዲህ ብለው አያውቁም። ዝም ብዬው እኔ ብወጣ የበድረዲንን ዓይን ማየት አልችልም ብለው ብቻ ነው። ማርች እንዲሁ አለቀ።

ደብዳቤው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ወጣ። ብዙው ሰው ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ጣለው። በድረዲንም ሊጥለው ሲል ኮሌጅ ልትጨርስ አንድ ወር የቀራት ልጁ ሰጂዳ ተቀበለችውና ቆማ አነበበች። «ዳድ፣ ሲት ዳውን» አለችው።

ወይዘሮ ባዩሽ ደግሞ ለማንበብ ልጅ አላስፈለጋቸውም።

«ማርች ላይ ታውቅ ነበር?» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«ፎርሙስ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ለማን ብለህ ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ ለበድረዲን ብዬ ነው ማለት አልቻሉም፤ በድረዲንም ከዚያ ያገኘው ጥቅም የለማ። ወይዘሮ ባዩሽ አኮረፉ። ኩርፊያቸው ሳምንት ፈጀ። ምሳ ይቋጥሩላቸዋል፣ ሸሚዝ ይተኩሱላቸዋል፤ ቃል ግን የለም።

ኦፕራሲዮኑ ሲደርስ ወይዘሮ ባዩሽ አፋቸውን የፈቱት ለትእዛዝ ነበር። «ማንም እንዳይሰማ።» የሳቸው ወገን ሕመም አያወራም፤ ወሬው ከሕመሙ ይብሳል ብለው ነው። አቶ ልሳነወርቅ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ተናግረው፣ አንድ ዓርብ ጋራዡን አስረክበው ወጡ። ሰኞ አልመጡም። በድረዲን ሁለት ጊዜ ደወለ። ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ ባዩሽ ናቸው፤ «ደህና ነው፣ ወጣ ብሏል» አሉት።

ሌላውን ሰዉ ራሱ ጨረሰው። ቦርድ ላይ ተቀምጦ ሰማ፤ ቀድሞ ሞላ፤ እኛን እሳት ውስጥ ጥሎ ወጣ ተባለ። ከጋራዥ ጋራዥ ወሬው ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። በድረዲን ወሬውን አላወራውም፤ ግን አላስተባበለም።

ጁን ላይ ለሰጂዳ ምረቃ ጀርመንታውን ድግስ ተደገሰ። ወንዶቹ ቢኳረፉም ሙፈሪሓት ወይዘሮ ባዩሽን ራሷ ደውላ ጠራች። መቅረት አይቻልም፤ መቅረት ወሬውን ማጽደቅ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ከዘራቸውን መኪና ውስጥ እንዲተዉ ታዘዙ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹ በር ላብ እያሰመጣቸው፣ እንደ ጤነኛ ሰው እየተራመዱ ገቡ። ሙፈሪሓት ለክርስቲያን እንግዶቿ ለይታ ያሠራችው የጾም ምግብ ነበር፤ እሱ ከቀረበበት ጠረጴዛ አስቀመጠቻቸው።

በድረዲን እንግዳ እያስተናገደ እነሱ ጋ ደረሰ። ሰላምታው ሙሉ ነበር፤ ምንም አላጎደለም። ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሪታየርመንት እንዴት ይዞዎታል?»

ማንኪያዎች ቆሙ። አቶ ልሳነወርቅ ሁሉንም ሊናገሩ ቆርጠው፣ «በድረዲን፣ ነገሩ እኮ...» ብለው ጀመሩ።

«ደህና ይዞታል» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ ቀደም ብለው። «በጊዜው የሞላ ሰው ምን ይሆናል?»

በድረዲን «ማሻአላህ» አለና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ተረጋግጦለታል።

አቶ ልሳነወርቅ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ጠበቁ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ተናደው አያውቁም።

«ባዩሽ፣ ሌባ አደረግሽኝ እኮ!»

«ሌባ ይበሉህ» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ ቀበቶአቸውን እያሰሩ። «ጡረታውን አጣን። ጉልበትህም የለ። በዚህ ላይ ደግሞ ምስኪን እያሉ ከንፈር ሲመጠጥልኝ አልቀመጥም። ሌባ ይበሉህ።»

«ኦገስት ላይ ሥራ ስመለስስ?»

«ሌላ ቦታ ጠይቅ።»

አቶ ልሳነወርቅ አንድ ስልክ ደውለው ነገሩን ማቃናት ይችሉ ነበር። ስልኩን አንስተው ያስቀመጡበት ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን እሳቸው እውነቱን ሲናገሩ ባዩሽ ሰው ፊት ውሸታም ልትሆን ነው። የቦርዱን ወንበር ለቀቁ። ኩባንያው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሄርንደን፣ ለኤርፖርት መንገደኞች መኪና የሚያቆም ጋራዥ ስለነበረው እዚያ እንዲያዛውራቸው ጠየቁ። ኩባንያው ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ከቤታቸው በመንገድ ማዶ ካለው ጋራዥ ተነሥቶ በየቀኑ ያንን የመኪና መጨናነቅ አቋርጦ የሚሄድ ሰው አይቶ አያውቅም። ወይዘሮ ባዩሽ ለጠየቃቸው ሁሉ «ላይብረሪ ነው የሚውለው» ይላሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዦች ስማቸው «ቀድሞ የሞላው» ሆኖ ቀረ። ሰውን እንዳይከዱ ብለው ጡረታቸውን የተዉት ሰውዬ፣ ከዳተኛ ለመባል በየቀኑ አርባ ማይል ይነዱ ጀመር። ይህንን ሲያስቡት አንዳንድ ጊዜ ብቻቸውን ይስቃሉ። ሁልጊዜ ግን አይስቁም፤ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የሚቀይራቸው ልጅ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ይመጣና ያለ አንድ ቃል ይረከባቸዋል፤ ያኔ በድረዲን በጣም ይናፍቃቸዋል።

በቀጣዩ ዓመት፣ ኖቬምበር ውስጥ፣ አንዲት አቧራ የለበሰች ቶዮታ መስኮታቸው ሥር ቆመች። ትኬት የያዘ እጅ ወጣ። አቶ ልሳነወርቅ ትኬቱን ለመቀበል ጎንበስ ሲሉ በድረዲንን አዩት። ራሱን ተላጭቷል፣ ፊቱ ጠቁሯል፤ ከሐጅ መመለሱ ነው።

በድረዲን የኩባንያውን ሹራብ አየ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ከዘራ አየ። ወደ ሹራቡ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አልሞሉም ነበር?»

«አልሞላሁም።»

«ያኔ የጠፉትስ?»

«ጉልበቴን ተቀድጄ።»

በድረዲን መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ከኋላው ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

«ከመሄዴ በፊት» አለ፣ «የማውቀውን ሰው ሁሉ ደውዬ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብያለሁ። የተጣላሁትን ሁሉ። እርስዎን ብቻ ዘለልኩ። እሳቸው ናቸው እኔን መጠየቅ ያለባቸው ብዬ። ወላሂ ጋሼ፣ ካዕባ ሥር ቆሜ እንኳ...» «አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ትኬቱን መለሱለት፤ የመውጫውን በር ከፈቱለት። ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፤ በድረዲን ግን ንቅንቅ አላለም። አቶ ልሳነወርቅ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው እጁን ጨበጥ አደረጉት።

«ሂድ በል፣ ሰው አታስቁም። ባዩሽ ግን እንዳየኸኝ እንዳትሰማ።»