የዓፊያ የአሸዋ ቦይ

እህቴ ዓፊያ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ቤት የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር። «ምቀኝነት የሚባል ያልፈጠረባት ሰው» ይላሉ። ስለሞተ ሰው ደግ ደጉን መናገር የወግ ነው፤ እኔም አብሬ ሰማሁ። ግን ሥራዬ በከሚሴ ከተማ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ ነው። ትክክል ያልሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ትክክል መምሰል እንደሚጀምር አውቃለሁ። እህቴ ትቀና ነበር። ሃያ አንድ ዓመት በአንዲት ሴት ቀንታለች። ከዚያ ውስጥ ስልሳ ሰባቱን ቀን ቅናቷ ክፉ ሥራ አሠርቷታል። ይህን የምጽፈው ራሷ «ጻፊው» ስላለችኝ ነው።

የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ የለም። መታወቂያዋ መስከረም 1 ቀን 1968 ይላል፤ ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ የሚሞላ ቀን ነው። እናታችን ግን «ቦርከና ሞልቶ የጨፋን ማሽላ የወሰደ ጊዜ፣ ውሃው ሲጎድል ወለድኳት» ትል ነበር። እኔ የእናታችንን አምናለሁ።

ዓፊያ የምትታወቀው በቀሪቦ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይከካል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል። ፈሳሹ ሲበርድ ስኳርና እርሾ ይገባበትና ያድራል፤ በማግስቱ አረፋ ይዞ ይጠጣል። አያሰክርም፤ በኒካህም በመውሊድም ጾም በሚፈታበት በፍጥርም የሚቀርበው እሱ ነው። መቁላቱን ማንም ይችለዋል። ከባዱ ማብረዱ ነው። ከሚሴ ቆላ ነው፤ የፈላ ነገር በቶሎ አይበርድም። እርሾው ትኩስ ላይ ከገባ ይሞታል። ፈሳሹ ለብ እንዳለ ብዙ ከቆየ ደግሞ እርሾ ሳያገኘው ይኮመጥጣል።

ለዚህ ዓፊያ ከጓሮ፣ ከጥላው ሥር፣ ስድስት እርምጃ የሚረዝም ቦይ ቆፍራ በአሸዋ ሞልታ ነበር። ቦዩ ወደ አንድ ወገን ያዘቀዝቃል። ከላይኛው ጫፍ ታቹ የተበሳ ጀሪካን ውሃ እያንጠባጠበ አሸዋውን ያርሰዋል። ከእሳት የወረደው ድስት ከታችኛው ጫፍ ይቀበራል፤ ሲበርድ ወደ መሀል፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል። ሁልጊዜ ሦስት ድስት አለ።

«ለምን ትኩሱን ወደ ቀዝቃዛው ውሃ አታስጠጊውም?» አልኳት አንድ ቀን፤ ከዩኒቨርሲቲ የተመለስኩ ሰሞን ነው፣ ሁሉን ማረም ያምረኝ ነበር።

«ሞኝ! ቀዝቃዛው ውሃ ትኩሱን መጀመሪያ ካገኘው እዚያው ሙቅ ይሆናል። ለሌሎቹ ምን ይተርፋል? መጀመሪያ የበረደውን ይጨርስ፣ ከዚያ ለብ ያለውን፣ ትኩሱን መጨረሻ ያግኘው። ለትኩስ ለብ ያለ ውሃም ቀዝቃዛ ነው።»

ከዚያ የእጇን አንጓ ውስጡን ከድስቱ ጎን አሳርፋ «ገና» ወይም «በቃው» ትላለች። ተሳስታ አላየሁም።

አሁን ስለ ቅናቷ። በሰኔ 1994 ዓፊያ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ባሏም ብዙ ሳይቆይ ፈታት። ልጁ በሞተበት ሳምንት አጥር የምንጋራት ጓደኛዋ ዙቤይዳ ሴት ልጅ ወልዳ በጠና ታመመችና ደሴ ሆስፒታል ገባች። አራት ወር ተኛች፤ ከዚያም እዚያው ደሴ እየታከመች ዓመት ሞላት። ሕፃኗን፣ ፈይሩዝን፣ ያጠባቻት ዓፊያ ነች። በሸሪዓው ፈይሩዝ የጡት ልጇ ሆነች፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅቷ አፏን የፈታችውም እኛ ጋ ነው። ዓፊያ በኦሮምኛ ታጫውታት ስለነበር «አዮ» አለቻት፣ እናቴ ማለቷ ነው። ዙቤይዳ ድና መጥታ ወሰደቻት። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ «ሁለት እናት አለሽ ወይ ይሉሻል፤ አክስቴ በያት» አለቻት። ልጅቷ ታዘዘች።

ዓፊያ አልተጣላችም። ግን ልጅቷ ከተወሰደችባት ጊዜ ጀምሮ ዙቤይዳ ያላት ነገር ሁሉ ጎረበጣት። ዙቤይዳ አዲስ በር ስታስገጥም «በር ነው ወይስ ባቡር ጣቢያ?» አለች። የዙቤይዳ ላም መንታ ስትወልድ ሁለት ቀን ከሰው አልተነጋገረችም። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር። በእኛ አገር የሙሽሪት እናት ናት የሰርጉን ቀሪቦ የምትጠምቀው። ዙቤይዳ ቀሪቦ አይዋጣላትም፤ በጠመቀች ቁጥር ይኮመጥጥባታል። ስለዚህ ፈይሩዝ ስታገባ የሚጠምቀው ማነው? ይህን ጥያቄ ዓፊያ ሃያ ዓመት ሙሉ በልቧ ስትመልሰው ኖረች።

መጋቢት 5 ቀን 2015፣ ረመዳን ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ የዙቤይዳ ባል አብዱልጀባር ጨፋ ሮቢት አካባቢ ሥራ ካቆመ የወተት ማሰባሰቢያ አንድ ማቀዝቀዣ ገዝቶ በመኪና አመጣ። ሰፈሩ ሊያይ ወጣ፤ ዓፊያም ወጣች፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። ስስ የብረት ሰሌዳዎች እንደ ፋይል ተደራርበው በብሎን የተጠረነፉ ነገር ነው። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። በአንዱ ክፍተት ትኩሱ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ውሃው፣ እንደገና ትኩሱ፣ እንደገና ውሃው፤ ሳይቀላቀሉ በብረቱ በኩል ይነካካሉ። የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው ጀይሉ አራት የጎማ ቱቦ ገጠመለትና አስነሳው። ከእሳት የወረደው የገብስ ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ለብ ብሎ ወጣ።

«ሱብሃነላህ!» አለች ሀዲጃ የምትባል ጎረቤታችን። «ዓፊያ፣ ጠጋ በይ እንጂ፣ አንቺንም ያቀዝቅዝሽ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ዓፊያ ጠጋ አለች። አንጓዋን ቀሪቦው በሚወጣበት ጎማ ላይ አሳረፈች፤ ቀጥላ ውሃው በሚወጣበት ላይ። ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

«ብረት ብረት ይሸታል» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ያን ረመዳን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ለፍጥር ቀሪቦ የሚፈልግ ሁሉ ወደ ዙቤይዳ ሄደ፤ ዙቤይዳ በማለዳ ጥቂት ጥቂት ታፈላለች፣ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት፣ በፊት ትጨርሳለች። የእኛ ቦይ ላይ አንድ ድስት ብቻ ተቀብሮ ይውላል። ዓፊያ በአጥሩ ቀዳዳ ፈይሩዝ ሰሌዳዎቹን ስታጥብ እያየች ትቆማለች። አንድ ቀን ፈይሩዝ በጆግ ቀሪቦ ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ እማ ናት የላከችው። ቅመሽና ንገሪኝ ብላለች።»

«ይጠጣል በያት» አለች ዓፊያ። ልጅቷ እንደወጣች ጆጉን አሸዋው ላይ ደፋችው።

ከኢድ በኋላ የፈይሩዝ ሰርግ ግንቦት 13 እንዲሆን ተቆረጠ፤ ሙሽራው ሪያድ የሰንበቴ ከተማ ልጅ ነው። ዙቤይዳ ራሷ ልትነግራት መጣች።

«ለቀሪቦው ምንም አታስቢ፣ ዓፊ» አለቻት። «ማሽኑ አለ። ስንት ዓመት ደክመሻል፤ አንቺ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለሽ ትጠጫለሽ።»

«እንግዳ» አለች ዓፊያ።

«ምነው፣ ክፉ ተናገርኩ?»

«ኧረ ምን በወጣሽ።»

በማግስቱ ዓፊያ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። ፈይሩዝ ለጋብቻ ምዝገባ የልደት ማስረጃ እንደምታወጣ ሰምታለች።

«ቅጹ ላይ የእናት ቦታ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«የጡት እናትስ?»

«እሱ የለም፣ እቴቴ።»

«ከጎን ትንሽ ብትጽፊ?»

«ከጎን አይጻፍም» አልኳት። ትክክል ነበርኩ። ሻሽዋን አስተካክላ ወጣች።

ቅዳሜ ግንቦት 12 የዙቤይዳ ግቢ በሰው ተሞላ። ለሰርግ የሚበቃ ቀሪቦ በአንድ ቀን መውጣት ስላለበት ከማለዳው እሳት ላይ ሦስት በርሜል ተጥዷል። ጀይሉ ውሃውን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ አገናኝቶ ማሽኑን ለቀቀው። ፀሐዩ ያቃጥላል። ዓፊያ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ ከጎኗ ነኝ። ዓይኗ ከጎማዎቹ አይነሳም።

ዙሁር ተሰግዶ ሲመለሱ ዙቤይዳ የመጀመሪያዎቹን በርሜሎች ከፈተች። እርሾው ከገባ ሰዓታት አልፈዋል፤ አንዲት አረፋ የለም። እጇን ከታ ጮኸች።

«ያ ረቢ! እንደ መታጠቢያ ውሃ ይፋጃል! ጀይሉ! እርሾውን ቀቅለኸዋል!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ ዙቤይዳ? የሮቶው ውሃ ሞቋል። ማሽን ተአምር አይሠራም።»

«እስከ ትናንት ይሠራ አልነበር?»

«ትናንት ለአንድ ጆግ ነበር፣ በማለዳ ውሃ። ዛሬ ለአገር ነው!»

ሀዲጃ «ነገ ለሙሽራው ወገን ሚሪንዳ እናቅርብ እንግዲህ» አለች፤ ማንም አልሳቀም። የሰንበቴ ሰው መጥቶ ቀሪቦ ያጣበት ሰርግ ልጅቷን ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል። ዓፊያ አልተነሳችም። ቢላዋዋ ቆሟል፣ ሽንኩርቱ እጇ ላይ ነው። ፊቷን ስመለከት ያየሁትን ያን ጊዜ አልተረዳሁትም። ደስታ ነበር።

ጩኸቱን ሰምታ ፈይሩዝ ከጓዳ ወጣች። ሁለት እጆቿ ሂና ተቀብተው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። እናቷን አየች፣ በርሜሉን አየች፣ ከዚያ ከሴቶቹ መሀል ፈለገች።

«አዮ!» አለች። «አዮ፣ ኮቱ!»

ነይ ማለቷ ነው። ዓፊያ ሽንኩርቱን ጣለችው። ቀጥ ብላ ወደ ማሽኑ ሄዳ በጣቷ አሳየች።

«የውሃውን ሁለት ጎማ አለዋውጠው። በሚወጣበት አስገባው፣ በሚገባበት አስወጣው።»

«እትዬ ዓፊያ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው» አለ ጀይሉ። «እንደ አሸዋ ቦይሽ አይደለም።»

«ቦይ ነው። ብረት አለበሱት እንጂ የእኔው ቦይ ነው። አንተ ቀዝቃዛውንና ትኩሱን በአንድ በር አስገብተህ ጎን ለጎን ታስሮጣቸዋለህ፤ ሲወጡ ሁለቱም እኩል ለብ ይላሉ። ፊት ለፊት አጋጥማቸው! ትኩሱ ሊወጣ ሲል አዲሱ ውሃ ይቀበለው።»

ጀይሉ አብዱልጀባርን አየ። አብዱልጀባር «አድርግ ያለችህን» አለ። ጎማዎቹ ተለዋወጡ፣ የሞቀው ቀሪቦ እንደገና ተለቀቀ። ዓፊያ አንጓዋን መውጫው ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

«ገና... ገና... በቃው።»

ከዚያ ከቤቷ የራሷን እርሾ በማሰሮ አምጥታ በየበርሜሉ ከፈለች። የዐስር ሶላት ሳይደርስ አረፋው ተነሳ።

ዙቤይዳ በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች መጣች። «ዓፊ፣ አላህ ይስጥልኝ። መቼ አወቅሽው?»

«አሁን» አለች እህቴ።

በማግስቱ ሰርጉ አማረ። የሰንበቴ ሰዎች ማሽኑን ለማየት ጓሮ ድረስ ገቡ፤ ጀይሉ እያዞረ አስረዳቸው። ስለ ቦዩ የተናገረ አልነበረም። ዓፊያ ግን ከልጅቷ አፍ የሰማችውን ሰምታለች፤ በዚያ ሰሞን ብቻዋን ስትስቅ አገኛት ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ ከሰርጉ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ኩላሊቷ ከከዳት በኋላ።

«ሳዲ፣ ያን ቀን አይደለም ያወቅኩት። መጀመሪያ ማሽኑ የመጣ ዕለት ነው። ሁለቱንም ጎማ ነካሁ፣ ሙቀታቸው አንድ ነው። ወዲያው ገባኝ። ሙቀቱ ሲበረታ እንደሚያዋርዳት አውቄ ዝም አልኩ። ረመዳንን ጾሜ፣ ተራዊህ ሰግጄ ዝም አልኩ። ሀሰድ ነው፣ ምቀኝነት።»

«ተናግረሽ የለ በመጨረሻ።»

«ስለጠራችኝ ነው። ባትጠራኝስ ኖሮ? ተቀምጬ አይ ነበር ወይ? ወላሂ አላውቅም። አንቺ መዝጋቢ ነሽ፣ እንደሆነው ጻፊው።»

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ረፋድ ላይ አረፈች። በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤት፣ ዙቤይዳ ደግማ «ልቧ ንጹሕ ነበር፤ ጥፋቱን ባየች ቅጽበት ነው ያዳነችኝ» ስትል አልቻልኩም። ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ «እትዬ ዙቤይዳ፣ ያን ቀን አልነበረም ያወቀችው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?» አልኳት።

«ማሽኑ የመጣ ዕለት ጎማውን ነክታ እጇን ስትሰበስብ አይቻታለሁ። የሆነ ነገር እንዳወቀች ገባኝ። ቀሪቦውን በጆግ የላክሁላት ለምን ይመስልሻል? ትነግረኝ እንደሁ ብዬ ነው። አፍ አውጥቼ መጠየቅ ግን አቃተኝ።» ሻሽዋን በጥርሷ ነከሰች። «ከደሴ ስመለስ ልጄ እኔን አይታ አለቀሰች፣ ሳዲያ። የምትተኛው በዓፊ ደረት ላይ ብቻ ነበር። እኔስ አልቀናሁም? አክስቴ በይ ያልኳት በጤናዬ ነው?»

በሳምንቱ ፈይሩዝ ሞቱን ልታስመዘግብ ከሰንበቴ መጣች። የገዛ እህቴን ሞት መመዝገብ የሌላ ሰው ሥራ መሆን ነበረበት፤ ያን ዕለት ግን ሌላ መዝጋቢ አልነበረም። ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተችበት ቀን ሞላሁ። የልደት ቀኗን እንደ መታወቂያው አደረግኩት፣ ሌላ ማስረጃ የለኝምና። ከዚያ አስመዝጋቢው ከሟች ጋር ያለው ዝምድና የሚል መስመር ላይ ደረስኩ።

«ምን ልበል?» አለች ፈይሩዝ። «የእህት... አይ፣ ጎረቤት?»

መስመሩ ክፍት ነው፤ ትክክል የሆነውን ሁሉ ይቀበላል። ከዚያ በፊት ለምን እንዳላስተዋልኩት አላውቅም። «የጡት ልጅ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ወደ እሷ አዞርኩት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፈረመች።