ከረጅሙ ድምፅ በኋላ

ትሮምቦን የደረሰኝ እጄ ረጅም ስለሆነ ነው። መቱ ውስጥ የወጣቶች የትንፋሽ መሣሪያዎች ኦርኬስትራ ሲቋቋም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክላርኔቱንና ትራምፔቱን ቀድመው የመጡት ወስደውታል። አስተማሪያችን ድሮ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ሲጫወቱ ኖረው በጡረታ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እስቲ እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። ዘረጋሁ። «በቃ፣ ያንቺ ይሄ ነው» ብለው ረጅሙን ሳጥን ወደ እኔ ገፉት።

ሌሎቹ መሣሪያዎች በጣት የሚጫን ነገር አላቸው። ትሮምቦን የለውም። አንዱ ቱቦ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ሲርቅ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲቀርብ ይቀጥናል። «እዚህ ጋ ቁሚ» የሚል ምልክት ቱቦው ላይ ፈልጌ አጣሁ። ይህ ነገር ገረመኝ፤ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ አሰብኩበት። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል ከሌሎቹ በላይ የተለማመድኩት። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪያችን ለመዝጊያው ዝግጅት አንድ ሙዚቃ ጻፉ፤ ለትሮምቦን ሶሎና ለኦርኬስትራ። ሶሎው የእኔ ሆነ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ኦርኬስትራው በሙሉ ዝም ይላል። እኔ ብቻዬን ቆሜ አንድ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ እነፋለሁ። ድምፁ ወደ መጨረሻው ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ዜማው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለማያሰማ ቤት ውስጥ ጠዋት ለመለማመድ ወሰንኩ። በመጀመሪያው ቀን ገና ሲነጋጋ ጓዳ ገብቼ ያንን ረጅም ድምፅ ነፋሁ። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ የግቢያችን በር ተንኳኳ።

«ኤኙ ዱኤ? ማነው የሞተው?» አሉ ከበታቻችን ያሉት ጎረቤት፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

እናቴ በድንጋጤ «ኧረ ማንም አልሞተም! ልጄ ናት!» አለች።

«ውይ! ልጅሽ!» ሴትዮዋ ደረታቸውን ያዙ።

«በሕይወት አለች! እየነፋች ነው! ኧረ ነይ ውጪ አንቺ ልጅ!»

ትሮምቦኑን እንደያዝኩ ወጣሁ። በሩ ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ከስልጤ መጥቶ መንገዱ ዳር ሱቅ የከፈተው ባለሱቅ አየኝና ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔ እኮ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አለ። «ሰው ካልሞተ ልመለሳ!»

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ሊነጋ ሲል ይዞራል። አንድ ጊዜ አስረዝሞ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል። ጥሩንባ የሰማ ሰው ተመልሶ አይተኛም፤ ነጠላውን ይዞ ይወጣል። የእኔ የመጀመሪያ ድምፅና የእሱ ጥሩንባ፣ ሌላው ቀርቶ መጨረሻ ላይ ወደ ታች መውረዱ፣ አንድ ነበሩ። አስተማሪያችን ዕድሜያቸውን ካምፕ ውስጥ ስላሳለፉ ይህንን አላሰቡትም። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ እንዴት ሳይታየኝ እንደቀረ አይገባኝም።

ማታ የእድሩ ሰብሳቢ መጡ። ግቡ ብንላቸው እምቢ ብለው በረንዳ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ሙዚቃ አንጠላም፤ ተጫወቺ። ግን እዚያ ቤት ታማሚ እንዳለ ታውቂያለሽ» አሉኝ፣ ከአጥራችን ማዶ ያለውን ቤት በአገጫቸው እያሳዩ።

አውቃለሁ። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ለወራት አልጋ ላይ ናቸው። ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባለቤቱ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አሉ።

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ በሩን ከፈቱልኝ እንጂ ፊቴን አላዩኝም። ጋሼ ግን ከአልጋቸው ሆነው «ነፊዋ አንቺ ነሽ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የምን ይቅርታ! ጥሩንባውን ስሰማ የኔ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ስሜን ሳይጠሩት ቀሩ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«በዚህም ይቀለዳል?» አሉ እትዬ፣ ወደ ጓዳ እየገቡ።

ጋሼ መሣሪያውን ካላየሁ አሉ። እንዳልነፋ ለእትዬ ቃል ገብቼ አመጣሁላቸው። ቱቦውን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ብዙ አዩት።

«ማርሹ የት ነው?»

«የለውም ጋሼ። የሚቆምባቸው ሰባት ቦታዎች አሉ፤ በጆሮ ነው የሚገኙት።»

«ሰባት? ያለ ማርሽ? እኔ የጋምቤላን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት!» ከዚያ ድንገት «እስቲ አሰሚኝ» አሉ።

እትዬ ከጓዳ ወጡ። «አንተ በሕይወት እያለህ እዚህ ቤት ጥሩንባ አይነፋም» አሉ። ጋሼ አልተከራከሩም። ሌላ ቀን ልምምዳችንን በስልክ ቀድቼ አሰማኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ መለሱልኝ። «ይሄ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ አልነፋሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሁሩሙ እየሄድኩ በአክስቴ የቡና መሬት ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እለማመድ ነበር። አንድ ጠዋት ረጅሙን ድምፅ ነፍቼ ስጨርስ ጫካው ፀጥ አለ። ቆይቶ ከላይ፣ ከቅጠሉ ውስጥ፣ ጉሬዛዎች መለሱልኝ። የጉሬዛ ድምፅ ከሆድ የሚወጣ፣ እንደሚንከባለል በርሜል ያለ ነው። እንደገና ነፋሁ፤ እንደገና መለሱ። አክስቴ እየሳቀች መጣች። «መጀመሪያ ስሰማሽ ክው ብዬ ቀርቼ ነበር» አለችኝ። «እነሱ ሲመልሱልሽ ግን ሳቄ መጣ።»

ይሄ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ተቀመጠ። ድምፁ ያው ነው፤ የነፋሁትም እኔው ነኝ። ታዲያ ሰውን የሚያስደነግጠው ድምፁ ነው ወይስ ብቻውን መሆኑ? ዘንድሮ አንደኛ ዓመት ገብቼ በፊዚክስ ክፍል ስለ ድምፅ ሞገድ ስንማር እጄን አውጥቼ ይህንኑ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ።

ያኔ ግን አስተማሪያችንን በድፍረት ጠየቅኳቸው። «መጀመሪያው ላይ አንድ ክላርኔት ቢመልስልኝስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን?»

ስለ እድሩ፣ ስለ ጋሼና ስለ እትዬ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «ሶሎ ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ያ ድምፅ ብቻውን የቆመው ሰው ፀጥ እንዲል ነው። ሰው ፀጥ ካላለ ከዚያ በኋላ ያለውን ዜማ አይሰማም።»

«ሰዎቹ ግን ሞት ነው የሚሰሙት።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል? ስምንት ምት። ስምንት ምት ይታገሡና ከዚያ ዜማውን ይስሙ።»

ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ። እትዬም ልክ ናቸው። ሁለቱንም ማስደሰት ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደሚቻል ግን አላገኘሁትም።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰፈራችን ብዙም በማይርቀው የባህል አዳራሽ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ እትዬ አሉ! በኋላ እንደሰማሁት ጋሼ ናቸው «ሄደሽ ሰምተሽ ንገሪኝ» ብለው የላኳቸው። እንቢ ብለው፣ እንቢ ብለው፣ በመጨረሻ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

አስተማሪያችን ኦርኬስትራውን የሚመሩባትን ቀጭን ዘንግ ወደ እኔ አቀኑ። ነፋሁ።

ከኋላ አንድ ሰው «እ!» አለ፤ ልጆች ሳቁ። ከዚያ አስተማሪያችን ያሉት ፀጥታ መጣ። ዝናቡ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ድምፁን ወደ ታች ማንሸራተት ስጀምር እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በረድፉ ውስጥ የሰዎችን ጉልበት እየተሻገሩ ወጡ፣ በመተላለፊያው ሄዱ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። አፌ መሣሪያው ላይ ነው፤ ላቆም አልችልም። ቱቦው እስከ መጨረሻው ወረደ። ያኔ ክላርኔቶቹ ከኋላዬ ገቡ፣ ቱባው ከሥር ገባ፣ እኔም ወደ ዜማው ወጣሁ። ያን ያህል ሰው በአንድ ትንፋሽ ከኋላ ደግፎኝ አያውቅም። ደስ ይል ነበር፤ ዓይኔ ግን ከባዶው ወንበር አልተነሣም።

ጭብጨባውን በደንብ አላስታውሰውም። አስተማሪያችንን አስፈቅጄ ሳጥኑን አንጠልጥዬ በዝናብ ሮጥኩ። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እትዬ ቤት ሲደርሱ ምን አገኙ?

በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከነጠላቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ተኳርፈዋል።

«ነይ፣ ነይ ግቢ! አንቺ ንገሪኝ» አሉ ጋሼ። «ስሚልኝ ብዬ ብልካት የመጀመሪያዋን ሰምታ ሮጣ መጣች። መጥታም ደረቴ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ እኔን ታዳምጣለች! ኦርኬስትራው እኔ ነኝ እንዴ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«እና ከዚያስ? ከዚያ ድምፅ በኋላ ምንድነው የሚመጣው?»

«ዜማ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ይነሣል፣ ከዚያ ክላርኔቶቹ…» እጄን ወደ ላይ እያወጣሁ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ይሄ በወሬ ይሆናል?» አሉ።

እትዬን አየኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ጨመቁት። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ያንን ረጅሙን ተይው» አሉ በመጨረሻ።

«እ?»

«የመጀመሪያውን ተይው። ከዚያ በኋላ ያለውን ንፊለት።»

ተነሥተው ጎረቤት እንዳይሰማና እንዳይመጣ መስኮቱን ዘጉ፤ በሩንም ገፋ አደረጉት። እኔ ሳጥኑን ወለሉ ላይ ከፍቼ መሣሪያውን ገጣጠምኩ። ከዚያ ቦታ ጀምሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ድምፅ ትንሽ ተሳሳተ፤ አስተካከልኩት። ክላርኔቶቹ ከሥር ስለሌሉ ዜማው የተራቆተ መሰለኝ፤ ቢሆንም ወጣሁበት፣ ወረድኩበት። እኩሌታው ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ስል ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

እትዬ ወዲያው ጎንበስ አሉባቸው። «አንተ!»

«እየሰማሁ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ቀጥይ።»