ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ትናንት ከሞጣ ተደወለ። «አንቺ ልጅ፣ ተነሥቷል!» አለኝ ጠጋኙ። ዘልዬ እማዬ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

የተነሣው የአባባ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አባባ መምህር ነበር። ማታ ማታ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀማቸውን ተረቶች እዚያው ላይ ይጽፍ ነበር፤ ሌላ ቦታ አልገለበጣቸውም። ሲሞት ሁሉም በዚያ ሣጥን ውስጥ ቀሩ።

ማሽኑ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍቶ የማቀዝቀዣውን ፋን በቀለም ብሩሽ ይጠርግለት ነበር። «ጉሮሮው ካልጠራ ይታፈናል» ይላል። እማዬ የሠራችለትን ዳንቴልም ከማብራቱ በፊት አንሥቶ ያጥፈዋል።

እሱ ከሄደ ወዲህ የሚጠርገው ጠፋ። እማዬ ግን ሲመሽ ታበራው ነበር። መጠቀሙንስ አትችልበትም። «ቤቱ ዝም ሲል እፈራለሁ» አለችኝ። ፋኑ ሲያጓራ አባባ እዚያ ጥግ ተቀምጦ የሚጽፍ ይመስላታል። አቧራ እንዳይገባበት ብላም ዳንቴሉን እስከ ጀርባው ታለብሰዋለች። አንድ ምሽት የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ነገር ሸተተንና ድምፁ ቆመ።

እዚሁ ቢቸና ያሳየነው ጠጋኝ «ይኼማ ሙዚየም ይግባ!» ብሎ ሳቀብን። እማዬ የሐዘን ከሏን እንደለበሰች እንደ ሕፃን ታቅፋው በአውቶቡስ ሞጣ ወሰድነው። የሞጣው ጠጋኝ ከፍቶ ከፋኑ ላይ በአቧራ የተጠቀለለ ነጭ ክር በወረንጦ ጎተተ።

«ምን አልብሳችሁት ነው፣ እትዬ?»

«ዳንቴል።»

«በርዶት ነው እንዴ?» ሳቀ። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እሱም ሳቁን ተወና «ክሩ ፋኑን አስሮት በሙቀት የተቃጠለው ኃይል የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ነው። ጽሑፉ ይትረፍ አይትረፍ ሌላ ሳልገጥምለት አላውቅም» አለ።

ማሽኑን እሱ ዘንድ ትተን ወደ ቢቸና ተመለስን። ቤት ስንገባ «አባትሽን ዳግመኛ የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ትናንት የዘለልኩት ለዚህ ነው። ተረቶቹ አሉ፤ አንድም አልጠፋ! ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ድምፁስ?»

«አዲስ ፋን ነው የገጠምኩለት፣ እትዬ። ትንፋሹም አይሰማ!»

ስልኩን መለሰችልኝ። ዳንቴሉን አጣጥፋ የአባባ ልብስ ካለበት ሣጥን ከተተችው። ማታ ቤቱ ዝም ብሎ ነበር።

ማሽኑ ቅዳሜ ይመጣል። ብሩሹ እኔ ዘንድ ነው፤ ፋኑን እጠርጋለሁ። ዝምታውን ግን ብቻዬን አልችለውም። ቢቸና ያላችሁም የምታልፉም፣ አመሻሽ ላይ ጎራ በሉና ከአባባ ተረቶች አንዱን አንብቡልን። ጮክ ብላችሁ፣ እማዬ እንድትሰማ።