መሃል ላይ የተቆለለው ፍርስራሽ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በል» ይለዋል። ዕድሜውን በኤክስካቫተር የሕንፃ መሠረት ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው፤ ችኩል ሠራተኛ ባየ ቁጥር «ቀስ በል!» ስለሚል አባባሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። መሬት ተንቀጥቅጦ ታላቅ እህቱ ልብስ የምትሰፋበት ፎቅ በተደረመሰ ዕለት ግን እሱ ራሱ የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር ነው ማሽኑ ላይ የወጣው።

ከሁለት አገር ነፍስ አዳኞች መጡ። አንዱ ቡድን ምሥራቁን፣ ሌላው ምዕራቡን ያዘ። አዛዣቸውም መሣሪያቸውም ለየብቻ ነው። ኤክስካቫተር የተገኘው ግን የእሱ ብቻ ስለሆነ ለሁለቱም እየተመላለሰ ፍርስራሹን ያነሣል። ያነሣውንም፣ ሁለቱም እንዳዘዙት፣ ማንም ወደማይሠራበት ወደ መሃል ይቆልላል። የእህቱ ሱቅ በምሥራቅ በኩል ስለነበር መሃሉን የጠረጠረ አልነበረም።

ክፉው ነገር ፀጥታ መጥፋቱ ነው። ምሥራቆቹ ከሥር ድምፅ ለማዳመጥ ዝም ሲሉ የምዕራቦቹ ጄኔሬተር ያጓራል፤ ምዕራቦቹ ጆሯቸውን ሲጥሉ የምሥራቆቹ መሰርሰሪያ ይንጣጣል።

«ልጄ፣ ምናለ አንድ ላይ ዝም ቢሉ?» አላት ከነፍስ አዳኞቹ ጋር የመጣችውን አስተርጓሚ።

«አዛዦቹ ገና አልተገናኙም ጋሼ። አንዱ ወደ ድንኳኔ ይምጣ ይላል፣ ሌላውም እንደዚያው።»

«ሙሽሮች ናቸው እንዴ የሚተፋፈሩት?»

የእህቱ ባል አቧራ ለብሶ አጠገባቸው ቆሟል። «አንተ እዚህ ቀልድ፤ እሷ እዚያ ትታፈን!» ብሎ ጮኸበት።

ቀስ በል እጁን ወደ ማሽኑ ሰደደ። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ንገሪያቸው። ሁለቱም አብረው ዝም ካላሉ ይሄ ማሽን አይነሣም።»

አዛዦቹ እየተቆጡ ከየድንኳናቸው ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተያዩት እሱን ሊሰድቡ ነው። ግን ምን ያድርጉ? ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ መሰርሰሪያውም ዝም አለ።

ያኔ ቀጭን የብረት ድምፅ ተሰማ። ኳ፣ ኳ። ቆመ። እንደገና ኳ።

«አለች! እህትህ አለች!» አለ ባልየው እያነባ።

ቀስ በል ወደ ክምሩ ዞረ። ድምፁ የሚመጣው ከመሃል ነው፤ በገዛ እጁ ከቆለለው ክምር ሥር።

«በእኛ በኩል ይገባ» አሉ ምሥራቆቹ። «የለም፣ በእኛ በኩል» አሉ ምዕራቦቹ። እነሱ ሲከራከሩ ክምሩ ላይ ጠጠር ማንም ሳይነካው መንሸራተት ጀመረ።

ቀስ በል «ከላይ አነሣዋለሁ» ብሎ ወደ ማሽኑ መቀመጫ ወጣ። ቁልፉን ሰካ እንጂ አላዞረውም። ሞተሩ ከተነሣ ኳኳታው አይሰማም፤ ከዚያ በኋላ ትኑር አትኑር የሚነግረው የለም።

የእህቱ ባል ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ጥሎ እጁን ዘረጋ። «ቆይ እባክህ፣ አንዴ ብቻ ልስማት።»

ቆየለት። ኳ አለ፤ ከቀድሞው ደከም ብሎ።

«በቃ፣ ዞር በል ወንድሜ» አለውና ቁልፉን አዞረ። ጩኸቱ ሁሉን ዋጠው።