እሸት ባቄላና የአክስቴ ልጅ

በሱሉልታ ምድር እሸት ባቄላ በመብላት የሚስተካከለኝ አልተወለደም። አንዴ ገብቼበት ስወጣ ማሳው ራሱ ጠውልጎ ቀረ ይባላል፤ ባዩ እርግጥ እኔው ነኝ።

ትናንት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቆሞ አንዲት ሴት በመስኮት እሸት ስታቀብል፣ ያ አረንጓዴ ሽታ በልጅነታችን ከአክስቴ ልጅ ከደረጀ ጋር ወደ ኦቦ ቶላ ማሳ ሾልከን ወደገባንበት ቀን መለሰኝ።

«እኔ አልበላም፤ እማዬ ይገድልሃል ብላኛለች» አለ ደረጀ።

«ባቄላ ሰው ሲገድል አይተሃል? ፈሪ! ወንድ ከሆንክ ብላ!»

እልህ ይዞት በላ። በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ጥቁር ሻይ መሰለ። ሆስፒታል ደም ሲሰጡት አክስቴ ለእናቴ እያለቀሰች «የእናታችን ውርስ ነው፤ ያንቺን ልጅ ዘለለው፣ የኔን ያዘው። ደሙም ባቄላውም ለየብቻቸው ደህና ናቸው፤ ጉዱ ሲገናኙ ነው» አለቻት። ደምና ባቄላ የተጣሉ ጎረቤቶች መሰሉኝ።

ወደ እኔ ዞራ «ማነው ያበላው?» አለች።

«ራሱ ሰርቆ ነው» አልኳት።

ደረጀ እንደዳነ በሌብነት ተገረፈ። ስሜን አልጠራም።

የትናንቱን እሸት ገዝቼ ሳልቀምሰው ቤት ገባሁ። ደሙንና ባቄላውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ዛሬም «ደረጀ በልጅነቱ እጁ አመለኛ ነበር» እያለች ስትስቅ፣ እኔም አብሬያት እስቃለሁ።