ሥራነሽና የአምበሩ ኮርማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ያሠራ ሰው ሁሉ የሥራነሽን ጭልፋ ያውቃል። ካሜራዋን ከመክፈቷ በፊት ከቦርሳዋ የሚያብረቀርቅ የብረት ጭልፋ ታወጣና እጀታውን መሬት ላይ ተክላ ፎቶ ታነሳዋለች። በጭልፋው ጀርባ ላይ ሰማዩ በሙሉ ተኮማትሮ ይታያል፤ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች፣ ደመናው ምን ያህል እንደሸፈናት፣ የሣሩ አረንጓዴ እስከ ምን ድረስ እንደሚያበራ። በኋላ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ፣ ሜዳው ላይ ያልነበረ ነገር ሠርታ ስታቆም፣ ብርሃኑን የምትቀዳው ከዚያ ነው።

ሚዜዎች ግን ይስቁባታል። «ወጡ ሳይመጣ ጭልፋው ቀደመ» ይላሉ።

«ወጡን እኔ ነኝ የምሠራው» ትላለች እሷ። «እናንተ ብቻ እንደ ድስት ዝም ብላችሁ ተቀመጡልኝ።»

ሥራነሽ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት። ማርቆስ የመጣችው ሒሳብ አያያዝ ልትማር ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሳ፣ ቢሮ ቁጭ ብላ የሰው ሒሳብ ከመያዝ ያልነበረውን ማስቀመጥ ይሻላል ብላ ከአንድ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየች። እዚያ ሆና ጭቃ ቦይ የነበረውን ሐይቅ ታደርጋለች፤ ከሙሽራዋ ቀሚስ ሥር ጣዎስ ታወጣለች፤ የመብራት ምሰሶውን በጽድ ትሸፍናለች። አንድ የሥራ መመሪያ አላት፦ የማይፈለግን ነገር ከማጥፋት መሸፈን ይቀላል። ያጠፉት እንደሆነ ከኋላው የነበረውን ሜዳ አንድ በአንድ መልሶ መሥራት ያስፈልጋል፤ ለሸፈኑት ግን ፊት ለፊቱ የሚያምር ነገር ማቆም ብቻ ይበቃል። አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ ቤተሰቦች የተጣሉትን አጎት ከቪዲዮው እንድታወጣላቸው ለመኗት። እሷም ሰውየው በሄደበት ሁሉ የሚከተለው የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ተከለችበት። አጎትዬው እስክስታ ወዳድ ኖሮ፣ ቁጥቋጦው ድንኳኑን ሁሉ እየዞረ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ቤተሰቡ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም እንግዶች ሁሉ ያደነቁት ቁጥቋጦውን ነበር።

የአምበሩ ነገር የመጣው ከዚሁ መመሪያዋ ነው።

በመስከረም መጨረሻ አንሙት የተባለ የይጁቤ ከተማ ልጅ የአራሽን አገር የሚያወድስ ዘፈን አወጣና ቪዲዮውን እንድትሠራለት መጣ። ሥራነሽ የእናቷ ወንድም ወደሆነው ወደ አስማማው ግጦሽ ሜዳ፣ ከአምበር ትንሽ ወጣ ብሎ ወዳለው ወሰደችው። ሜዳው በአንድ በኩል ከጎረቤቱ ከጸጋው የገብስ ማሳ ጋር ይዋሰናል። አንሙት ከጀርባው ኮርማ ካልቆመለት አልዘፍንም አለ። አስማማው ደስ ብሎት ጥማድ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ክረምቱን ሙሉ ሲያርሱ የከረሙ ናቸውና የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል።

«አያ» አለ አንሙት ቆቡን አውልቆ፣ «እነዚህን ካሳየን ሕዝቡ መዋጮ ያወጣላቸዋል እንጂ ዘፈኔን አይሰማም።»

አስማማው በሬዎቹን መለሳቸው። አጎቷ ሲያዝን ያየችው ሥራነሽ «ግድ የለም፣ ኮርማውን እኔ አመጣለሁ» አለች፤ ጭልፋዋንም ሜዳው ላይ ተከለች።

ኮርማው ከእጇ ከወጡ ሥራዎች ሁሉ በላጩ ነበር። ጉራች ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው፤ ሻኛው ተቆልሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ካሜራው በእጅ የተያዘ በመሆኑ በተነቀነቀ ቁጥር ኮርማው አብሮ እንዲነቀነቅ አደረገች፤ አለዚያ ሜዳው ላይ የቆመ ሳይሆን አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከሰኮናው ፊት ያለውን ሣር ከሥዕሉ እየመዘዘች፣ ሰኮናው ሣሩ ውስጥ የገባ እንዲመስል መልሳ አስቀመጠችበት። ዘፈኑ መሀል ላይ ደመና ሜዳውን አቋርጦ ያልፍ ስለነበር፣ ጥላው ሲደርስ ኮርማው ይጠቁራል፣ ሲያልፍ ጀርባው ያበራል። የቆመው ገብሱ ዳር ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ጆሮውን እያርገበገበ። እዚያ ያቆመችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአንሙት ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ ቡናማ ነገር እየተንቀሳቀሰ ሥዕሉን ያበላሽ ነበር። ምን እንደሆነ አጉልታ እንኳ አላየችውም። ኮርማውን ላዩ ላይ አቁማ ዘጋችው።

ቪዲዮው ወጣና በአንድ ሳምንት አምበር ገበያ ደረሰ። ሰዎች አስማማውን አስቁመው «ያንን የመሰለ ከብት ኖሮህ ደብቀኸን ነው?» ይሉት ጀመር። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ያልፍ ነበር። ቀጥሎ «አልታሰርም ብሎ አስቸገረኝ» አለ። ከዚያ ስም አወጣለት፤ መከተ አለው። የት አለ ሲሉት «ቆላ ዘመድ ቤት ሰድጄዋለሁ፣ ደጋው ለሰኮናው አልተስማማውም» ይላል።

ጥቅምት ሲገባ የአስማማው ሚስት ብዙዬ ስልክ ደወለች።

«ሥራነሽ፣ ያንቺ ኮርማ የሰው ገብስ በላ።»

ሥራነሽ ሳቀች። ብዙዬ ግን አልሳቀችም። ዘፈኑ በተቀረጸበት ሰሞን የጸጋው ገብስ ዳር ዳሩ ተበልቶ ተገኝቷል። ጸጋው በላተኛውን ሲፈልግ ከርሞ፣ ሴት ልጁ ስልክ ላይ ቪዲዮውን ያያል፤ ማሳውን ያውቀዋል፣ ኮርማውም አፉ ገብሱ ላይ ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ሌላው ሌባ ተደብቆ ይሰርቃል፣ የአስማማው ከብት ግን በዘፈን ታጅቦ ነው የሚሰርቅ» ብሎ ከሰሰ። ሽማግሌዎቹ አስማማውን «ኮርማው ያንተ ነው?» ብለው ጠየቁት። ግማሹ የገበያ ሰው ተሰብስቦ ይሰማል።

«ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?» አለ አስማማው።

በዚህች ቃል ተያዘ። ለመጪው እሑድ መከተን ካላቀረበ፣ ከጥማዱ አንዱ፣ ዳልቻው በሬ፣ እስከ መጪው አዝመራ ጸጋው ዘንድ እንዲያርስ ተባለ። አስማማው ለሽምብራ ያሰበውን መሬት ገና አላረሰም። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

«አያ ለምን እውነቱን አይናገሩም?» አለች ሥራነሽ።

«በየት በኩል ይውጣ? ሰው ላሙን ከመከተ ሊያስጠቃ ቀጠሮ ይዞለታል እኮ! ዳልቻውን ቢወስዱት ይሻለዋል። እኔ ግን አይሻለኝም። ነይና ኮርማሽን አንሽልን።»

ሥራነሽ ነገሩ ቀላል መሰላት። ኮርማው ሳይገባበት በፊት የነበረውን ቀረጻ ወስዳ ማሳየት ነው። ሊያስቸግር የሚችለውን ለማየት እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ከፈተችው። ኮርማው በቆመበት ቦታ በቅሎ አለች። ዳማ ናት፤ ቀይ ግላስ ለብሳለች፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። እስከ አንገቷ ገብሱ ውስጥ ገብታ ታመነዥካለች። ሥራነሽ አጉልታ አየቻት። ሌባዋን በገዛ እጇ ደብቃ፣ በምትኩ ያልተወለደ ከብት አስከስሳለች።

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ አምበር ወረደች። ከብዙዬ ጋር ሆነው ሽማግሌዎቹ ወደሚቀመጡበት ወይራ ሲደርሱ፣ አጥሩ ላይ አንዲት ዳማ በቅሎ ታስራ ቆማለች። ግላሷ ቀይ ነው። ሥራነሽ የግራ ጆሮዋን እስክታይ ዞር ብላ ሄደች።

«የማን በቅሎ ናት፣ እትዬ?»

«የመሪጌታ የሽዋስ ናታ። ዳኛችን እሳቸው አይደሉ?»

ሥራነሽ ኮምፒውተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ለብዙዬ መንገር ለገበያው መንገር ነው። ሰው ሁሉ እያየ ቀረጻውን ብትከፍተው አጎቷ ይድናል፤ ነገር ግን ሕዝብ ፊት የተዋረደ ዳኛ ሲረሳ ታይቶ አይታወቅም፤ አስማማው ደግሞ ክርስትናውም ተዝካሩም ከዚህ ሰው ደጅ ነው። ባትከፍተው ዳልቻው ይሄዳል። ስታስብ ተራዋ ደረሰ።

«ሴትዮዋ ከማርቆስ የመጣሽው ለምስክርነት ነው?» አሉ መሪጌታ። ጥምጥማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የተሞረደ ሽማግሌ ናቸው።

«አዎ መሪጌታ። ኮርማውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በኮምፒውተር የተሠራ ነው።»

ከጎናቸው የተቀመጡት፣ እንዳላማው የሚባሉት ሽማግሌ፣ ሳቁ። «የሌለ ከብት ነው የምትይን? እኔ እኮ ጥላውን አይቻለሁ። የሌለ ነገር ጥላ አለው?»

«ጥላውንም ሠርቼዋለሁ።»

«ደመና ሲያልፍበት ጠቆረ እኮ!»

«እሱንም።»

«እንግዲህ ደመናውንም እኔ ነኝ በይና እንረፍ» አሉ እንዳላማው። ሰው ሳቀ።

አስማማው ብድግ አለ። «ልጅቱ መንገድ ደክሟት ነው። ኮርማው አለ። ቆላ ነው።»

«አያ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለች ሥራነሽ።

«የማትሰሚኝ ምን ሆነሽ ነው? መከተ አለ!»

ጸጋው ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ? ባለቤቱ አለ ይላል፣ ምስክሩ የለም ትላለች። ለመሆኑ የማን ምስክር ናት?»

ሥራነሽ ወደ መሪጌታ ቀረበች። «መሪጌታ፣ ኮርማው ሳይገባ የተቀረጸውን ይዣለሁ። ፀሐዩ ግን እንዲህ ከሆነ ምንም አይታይም። ጋቢዎን ተከናንበው ከውስጥ ሆነው ይዩት። መጀመሪያ እርስዎ ቢያዩት ነው የሚሻለው።» የመጨረሻውን ቃል ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

መሪጌታ ኮምፒውተሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጋቢውን ከነጥምጥማቸው ላያቸው ላይ ደፉት። ሥራነሽ እጇን ከሥር አስገብታ አስጀመረችላቸው። የአንሙት ድምፅ ከጋቢው ውስጥ ታፍኖ ተሰማ። ዘፈኑ መሀል ሲደርስ ጋቢው አንድ ጊዜ ደንገጥ አለ።

«መሪጌታ፣ ምን ታየዎት?» አሉ እንዳላማው።

«እየመረመርኩ ነው።»

«ኮርማው አለ?»

ከጋቢው ውስጥ «ይቺን ነገር መልሺልኝ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሥራነሽ መለሰችላቸው። «አጉዪልኝ» አሉ፤ አጎላችላቸው። «በቃ፣ በቃ! ይህን ያህል አታጉዪው።»

ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ወደ ሥራነሽ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እሷም አንገቷን ደፍታ እንደ ጨዋ ልጅ ቆመች።

«ለእኔም ይታየኝ» ብለው እንዳላማው እጃቸውን ሰነዘሩ።

«አይ፣ ዓይን ያጠፋል» አሉ መሪጌታ፤ ኮምፒውተሩንም በገዛ እጃቸው ከደኑት። ተነሥተው ዘንጋቸውን ተደገፉ። «ስሙ። መከተ የተባለው ኮርማ በዚያች ዕለት በዚያ ገብስ ዳር አልቆመም። ይህን በሁለት ዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ። ኮርማው አለ ወይስ የለም የሚለው ነገር ለዚህ ሸንጎ አልቀረበም፤ ስላልቀረበም አንፈርድበትም። የአስማማው በሬ ከጥማዱ አይለይ።»

አስማማው መጀመሪያ ዳልቻው እንደተረፈለት፣ ቀጥሎ መከተም እንደተረፈለት ገባው። ፊቱ በራ። ሄዶ የመሪጌታን ጉልበት ሳመ።

«ታዲያ የኔን ገብስ ማን በላው?» አለ ጸጋው።

«እንስሳ።»

«የማን እንስሳ?»

«የእግዚአብሔር ፍጥረት ነዋ! ሁሉን እንወቅ ካልን የት እንደርሳለን?» መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢሆንም ጎረቤት ከጎረቤት ተቀያይሞ መክረም የለበትም። የተበላብህን ገብስ እኔ ከጎተራዬ እተካልሃለሁ። ለሰላም ስል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፣ አደነቀ። ዳኛ ከኪሱ ሲክስ ማንም አይቶ አያውቅም። እንዳላማው «እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይፈጠርም» አሉ። ብዙዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ የሥራነሽን ፊት ስታይ ተወችው። ጸጋው ብቻ አንገቱን እያሻሸ ቆሞ ቀረ፤ ሳይበድል የሚክስ ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

ሸንጎው ተበተነ። መሪጌታ በቅሏቸውን ፈትተው ተቀመጡባትና ልጓሟን ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዞሩ። በቅሎዋ ግን ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ በአስማማው ሜዳ ጥግ በምትወስደው ቀጭን መንገድ ሰግራ ሄደች። ሳቧት፤ አልመለስ አለች። በተረከዛቸው ወጓት፤ እርምጃዋን ጨመረች። ማሳው ዳር ስትደርስ ራሷ ቆመች፤ አንገቷንም ቀድሞ ወደተበላው ቦታ ዘረጋች።

ጸጋው ከኋላቸው እየሮጠ ደረሰ። በቅሎዋን አየ። ዞሮ ከወይራው ሥር የቀረችውን ሥራነሽን አየ። ሥራነሽ የኮምፒውተሯን ሽቦ ስትጠቀልል ቀና አላለችም።

«መሪጌታ» አለ ጸጋው፣ «በቅሎዎ መንገዱን ታውቀዋለች ልበል?»

«ለቅዳሴ ስመላለስ ለምዳው ነው።»

«በዚህ በኩል እኮ ቤተ ክርስቲያን የለም።»

መሪጌታ ልጓሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ሳቡ። በቅሎዋ የያዘችውን ዘለላ ሳትለቅ ቀና አለች።

«ጸጋው ልጄ» አሉ፣ «ገብሱን በትልቁ ቁና ነው የማሰፍርልህ።»